ሃይድሮጅን ቦንድ «ደካማ» ከሆነ ዲኤንኤን ማን ይዞታል? የክሩ ጭማቂ፣ ከመነሻው እስከ 22ኛው ምላሽ

በኢንተርኔት መድረክ ላይ የተከፈተው ክር (አንድ ጥያቄና የተከታተሉት ምላሾች) ስለረዘመ ከላይ እስከ ታች ለማንበብ ጊዜ ላጣ ሰው ነው ይህን የምጽፈው። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም። ማን ምን እንዳለ በቁጥሩ እየጠራሁ አልፋለሁ፤ የማልስማማበት ቦታ ላይ ግን ዝም አልልም።

መነሻ

ጠያቂው ለአንደኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማጠናከሪያ ትምህርት የሚያዘጋጅ ሰው ነው። መጻሕፍቱ ኮቫለንት ቦንድን (አቶሞች ኤሌክትሮን ተጋርተው የሚያያዙበትን) ጠንካራ፣ ሃይድሮጅን ቦንድን (ሃይድሮጅን በጎረቤት ኦክስጅን ወይም ናይትሮጅን ሲሳብ የሚፈጠረውን) ደካማ ብለው በሰንጠረዥ ያስቀምጣሉ፤ ካርቦን ከካርቦን 350 ኪሎጁል በሞል ገደማ፣ ውሃ ከውሃ በሃይድሮጅን ቦንድ 20 ገደማ። ታዲያ የዲኤንኤ ሁለት ገመዶች በዚህ ደካማ ነገር ተያይዘው እንዴት ዕድሜ ልክ ይቆያሉ? የራሱን መልስም አያይዟል፦ ዲኤንኤ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ቦንድ ከውሃው የተለየና ጠንካራ መሆን አለበት፣ ስለዚህ ሰንጠረዡ ይታረም።

ምላሽ 1

በጨዋ ቋንቋ ሰንጠረዡ ልክ ነው ይላል። የጎደለው ማነጻጸሪያው ነው። በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሞለኪውሎች እርስ በርስ የሚጋጩበት የሙቀት ጉልበት 2.6 ኪሎጁል በሞል ገደማ ነው። ሃይድሮጅን ቦንድ የዚህን ስምንት እጥፍ ያህል ቢሆን ነው፣ የካርቦን ከካርቦን ቦንድ ግን ከ130 እጥፍ በላይ። ስለዚህ የመጀመሪያው በሰውነት ሙቀት ብቻ ይከፈታል ይዘጋል፤ ፈሳሽ ውሃ ውስጥ ዕድሜው በፒኮሰከንድ (በሰከንድ ትሪሊዮንኛ) ነው የሚቆጠረው። ሁለተኛው ኢንዛይም ካልመጣበት አይነቃነቅም። ርቀቱንም ጨምሯል፦ በውሃ ሞለኪውል ውስጥ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን በ0.096 ናኖሜትር ይራራቃሉ፣ የአንዱ ሃይድሮጅን ከጎረቤቱ ኦክስጅን ግን በ0.18 ገደማ።

ምላሽ 2

የሚጠበቀው ተረት መጣ፦ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር። የዲኤንኤ ፊደሎች የሆኑት ቤዞች ከገመድ ገመድ ሲጣመሩ ጂ ከሲ በሦስት፣ ኤ ከቲ በሁለት ሃይድሮጅን ቦንድ ነው። ግማሹ ጂሲ፣ ግማሹ ኤቲ የሆነ ባለ 20 ጥንድ ዲኤንኤ ወሰደና 10 ጥንድ በሦስት፣ 10 ጥንድ በሁለት አባዝቶ 50 ሃይድሮጅን ቦንድ አገኘ። 50ውን በ20 ኪሎጁል ሲመታው 1,000 ሆነለት። ከማንኛውም ኮቫለንት ቦንድ ይበልጣል ብሎ ጨረሰ።

ምላሽ 3

እዚህ ላይ ድምፁ ከረረ። 3ኛው መላሽ ማባዛቱ ከመሠረቱ የተሳሳተ ነው አለ። ሁለቱ ገመዶች ከመገናኘታቸው በፊት ባዶ ቦታ ላይ አልነበሩም፣ ውሃ ውስጥ ነበሩ። እያንዳንዱ ቤዝ ከውሃ ጋር ሃይድሮጅን ቦንድ ይዞ ነበር። ጥንዱ ሲሠራ ያ ይለቀቅና በሌላው ይተካል፤ የሚቀረው ትርፍ ትንሽ ነው። በዚያ ላይ ሁለት እንደልባቸው የሚወዛወዙ ገመዶች አንድ ቦታ ሲታሰሩ የሚከፈል ዋጋ አለ። እንዲህ ያለ ባለ 20 ጥንድ ዲኤንኤ ጨው በበዛበት ውህድ፣ በ37 ዲግሪ፣ የሚያገኘው ነፃ ኢነርጂ (ወጪው ሁሉ ተቀንሶ የሚቀረው ትርፍ) በአማካይ ወደ 100 ኪሎጁል በሞል ነው። የ2ኛው መላሽ ሒሳብ አሥር እጥፍ አጋኗል።

ቀጥሎ ያነሣው የክሩ ዋና ነጥብ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሰው ግን ቶሎ አለፈው። ገመዶቹን በዋናነት የሚይዛቸው ቤዞቹ እንደ ሳህን አንዱ ባንዱ ላይ መደርደራቸው ነው። ጠፍጣፋ ገጻቸው ውሃን አይወድም፤ ሲደራረቡ ውሃውን ያስወጣሉ፣ በቫን ደር ቫልስ ኃይልም (ሞለኪውሎች ሲጠጋጉ በሚፈጠር ደካማ መሳሳብ) ይያያዛሉ። ማስረጃው ቅደም ተከተል ነው። በ5ʹ በኩል (ገመዱ መነበብ ከሚጀምርበት ጫፍ) ኤ ቀድማ ቲ ስትከተልና ቲ ቀድማ ኤ ስትከተል ሁለቱም ባለ ሁለት ጥንድ ናቸው፣ ሁለቱም አራት ሃይድሮጅን ቦንድ አላቸው። የመጀመሪያው ግን 3.7 ኪሎጁል ያረጋጋል፣ ሁለተኛው 2.4። ጉዳዩ የሃይድሮጅን ቦንድ ቆጠራ ቢሆን ኖሮ እኩል በወጡ።

ምላሽ 4

ታዲያ ሃይድሮጅን ቦንዱ ምን ይሠራል ብሎ ራሱ ጠይቆ ራሱ መለሰ። ማን ከማን ጋር እንደሚገጥም ይወስናል። ኤ ከጂ ፊት ለፊት ብትቀመጥ ለሃይድሮጅን ሰጪና ተቀባይ የሆኑት ነጥቦች አይገጣጠሙም፤ ውሃውን ለቅቀው ምትክ ሳያገኙ ይቀራሉ። ያ ነው የሚያስከፍለው። ትክክለኛው ጥንድ ብዙም አያተርፍም፣ የተሳሳተው ግን ይከስራል። በታሪኩ ላይም አንድ ነገር አከለ፦ በ1953 የታተመው የዋትሰንና የክሪክ ሞዴል ለጂሲ የሰጠው ሁለት ቦንድ ነበር፤ ሦስተኛውን በ1956 ያሳዩት ፖሊንግና ኮሪ ናቸው።

ምላሽ 5

በአንድ መስመር፣ ፈተና ላይ ይህን ሁሉ ብትጽፉ ዜሮ ነው የምታገኙት ይላል። እውነቱን ነው፤ ለክሩ የሚጨምረው ነገር ግን የለም።

ምላሽ 6

የላብራቶሪ ሰው ገባ። ይህ ሁሉ ፒሲአር (ዲኤንኤን በማሽን እያሞቁና እያበረዱ ማብዛት) ላይ በዓይን ይታያል ብሎ በቁጥር ዘረዘረው። ገመዶቹን መለያየት በ94 ወይም በ95 ዲግሪ፣ ፕራይመር (ማብዛቱ የሚጀመርበትን አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ) ማጣበቅ ከ50 እስከ 65፣ ማራዘም በ72። ለአጭር ፕራይመር የሻካራ ሒሳቡ የኤና የቲ ብዛት ሲባዛ በ2፣ የጂና የሲ ብዛት ሲባዛ በ4 ነው፤ አሥር አሥር ከሆኑ 60 ይመጣል፣ ከዚያ 5 ቀንሶ በ55 መጀመር። ሒሳቡ ሃይድሮጅን ቦንድ ቆጥሮ አይደለም፣ ሰው ለክቶ ያወጣው ግምት ነው፤ ከ20 ቤዝ ሲያልፍ እየሳተ ስለሚሄድ ጎረቤት ቤዞችን የሚያስላው ፕሮግራም ይሻላል።

ከዚያ ውጤቱ በሚታይበት ጄል ላይ ምንም ባንድ (የዲኤንኤ መስመር) ሳይወጣ ሲቀር ሰው ፕራይመሩን እንደሚረግም፣ ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ማግኒዥየሙ ጋ እንደሆነ አሳየ። የዲኤንኤ ጀርባ በሙሉ ፎስፌት ነው፣ ፎስፌቱ ኔጌቲቭ ቻርጅ አለው። ሁለቱ ገመዶች ይገፋፋሉ፤ መገፋፋቱን የሚያበርደው በዙሪያው ያለው ፖዘቲቭ አዮን ነው። ኢንዛይሙም ያለ ማግኒዥየም አይሠራም። አሁን ቁጥሩ፦ በ25 ማይክሮሊትር ውስጥ 1.5 ሚሊሞላር ማግኒዥየም አለ እንበል። አራቱ ኑክሊዮታይዶች (አዲሱ ዲኤንኤ የሚገነባባቸው) እያንዳንዳቸው 0.2፣ በድምሩ 0.8 ሚሊሞላር፤ በግምት ያንኑ ያህል ማግኒዥየም ይይዛሉ። ዲኤንኤው የተቀመጠው 1 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ ባለው ቲኢ ባፈር ከሆነና 5 ማይክሮሊትር ከጨመሩበት፣ 0.2 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ ገባ ማለት ነው፤ እሱም ያንኑ ያህል ቆንጥጦ ይይዛል። ለኢንዛይሙ የተረፈው 0.5 ነው። መፍትሔው ዲኤንኤውን በ10 ሚሊሞላር ትሪስ ማውጣት፣ ወይም ኢዲቲኤው ወደ 0.1 የተቀነሰ ቲኢ መጠቀም፣ ያም ካልሆነ የሚጨምሩትን ወደ 1 ማይክሮሊትር ማውረድ።

ምላሽ 7 እና 8

7ኛው የማስተካከያ ያህል ጣል ያደረገው ነገር አለ፦ ማሽን የሌለው ሰው በሚፈላ ውሃ ዲኤንኤውን ሊያላቅቅ ይችላል፣ 100 ዲግሪ ነውና። 8ኛው አልለቀቀውም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፣ የቱንም ያህል እሳት ቢነድበት አይጨምርም። ይህ ለአብዛኛው ዲኤንኤ ይበቃል፣ ጂሲ ለበዛበት ረጅም ዲኤንኤ ግን ላይበቃ ይችላል። እዚያ ላይ ዲኤምኤስኦ የሚባለውን ፈሳሽ 5 ከመቶ መጨመር የመላቀቂያውን ሙቀት በ3 ዲግሪ ገደማ ያወርደዋል፤ ያኔ ግን የማጣበቂያውንም ሙቀት አብሮ ማውረድ ነው።

አያይዞ ያነሣው ይበልጥ ይጠቅማል። በ95 ዲግሪ የውሃ እንፋሎት ግፊት 84.5 ኪሎፓስካል ነው፤ የአዲስ አበባ የአየር ግፊት ግን 76 አካባቢ። ስለዚህ ፒሲአር ማሽን ውስጥ ክዳኑ በደንብ ያልተዘጋ ቱቦ ዝም ብሎ አይተንም፣ በትክክል ይፈላል። ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ ላብራቶሪ በላላ ክዳን ጥቂት ማይክሮሊትር ቢያጣ ነው፤ ከፍታ ላይ ያለው ደረቅ ቱቦ ያገኛል። ክዳኑን አንድ በአንድ ተጭኖ መዝጋት፣ የማሽኑ ክዳን 105 ዲግሪ መድረሱን ማየት፣ የሚሞቅ ክዳን የሌለው አሮጌ ማሽን ከሆነ ደግሞ ከላይ የማዕድን ዘይት ጠብ ማድረግ።

ምላሽ 9

ወደ ፕሮቲን ዞረ። ዲኤንኤ በሙቀት ብቻ ይላቀቃል፤ ፕሮቲን ግን አንዳንዱ ውስጡ ሰልፈር ከሰልፈር የተያያዘበት ዳይሰልፋይድ ቦንድ አለው፣ ያ ኮቫለንት ስለሆነ ፈልቶም አይለቅም። ለምሳሌ ኢንሱሊን 51 አሚኖ አሲድ ነው፣ ባለ 21 እና ባለ 30 ሁለት ሰንሰለት። ሁለት ዳይሰልፋይድ ሰንሰለቶቹን ያገናኛሉ፣ ሦስተኛው በአጭሩ ሰንሰለት ውስጥ ነው። ለጄል ሲዘጋጅ ኤስዲኤስ የሚባለው ሳሙና መሰል ኬሚካል ሌላውን ሁሉ ይፈታል፤ ዳይሰልፋይዱን ለመቁረጥ 5 ከመቶ ቤታ መርካፕቶኤታኖል ወይም 100 ሚሊሞላር ዲቲቲ ያስፈልጋል። የተለመደው ጥፋት ዲቲቲ የገባበትን ባፈር ወራት ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ማቆየት ነው፤ የአየሩ ኦክስጅን ያበላሸውና አቅም ያጣል። ጄሉ ላይ ከሚጠበቀው ክብደት እጥፍ የሆነ ባንድ ከታየ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። ዲቲቲን በትንንሹ ከፋፍሎ ማቀዝቀዝ፣ በሚሠራበት ቀን መጨመር።

ምላሽ 10

ክሩ ከርዕሱ የወጣው እዚህ ነው፣ በእኔ እምነት ግን ጥሩ መውጣት ነው። መላሿ የፀጉር ሥራ ኬሚካል የምታውቅ ናት። 9ኛው የነገረን ቦንድ ፀጉር ቤት ውስጥ በየቀኑ እንደሚቆረጥ አስረዳች። የፀጉር ኬራቲን በሰልፈር የተሞላ ነው። በብረት መተኮስ ወይም በቢጎዲን ጠቅልሎ ካስክ ውስጥ መግባት የሚነካው ሃይድሮጅን ቦንዱን ነው፦ ሙቀቱ ውሃውን ያስወጣል፣ ሰንሰለቶቹ በአዲሱ ቅርጽ ይያያዛሉ፣ ሲበርድ ይጸናል። የሐምሌ ዝናብ ሲያገኘው ውሃው ተመልሶ ገብቶ ይፈታዋል፤ ፀጉሩ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ሪላክሰር (ፀጉር የሚያቀናው ኬሚካል) ሌላ ነው። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ያለው 2 ከመቶ አካባቢ ነው፣ ፒኤቹ ከ12 በላይ። ከሁለቱ ሰልፈር አንዱን አውጥቶ ላንቲዮኒን የሚባል በአንድ ሰልፈር የተያያዘ ድልድይ ይተካል። ይህ በምንም አይመለስም። «ሶዳ የለውም» ተብሎ የሚሸጠውም ቢሆን ካልሲየም ሃይድሮክሳይድና ጓኒዲን ካርቦኔት ሲቀላቀሉ ያንኑ ሥራ ነው የሚሠራው። የፐርም (ፀጉር የሚያጠቀልለው) ኬሚካል ግን ታዮግላይኮሌት ነው፣ ፒኤቹ 9 ገደማ፤ ዳይሰልፋይዱን ይከፍተዋል፣ ፀጉሩ ከተጠቀለለ በኋላ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ መልሶ ይዘጋዋል። አደጋው ሁለቱ ሲደራረቡ ነው። በሪላክሰር ብዙ ዳይሰልፋይዱን ያጣ ፀጉር ላይ ታዮግላይኮሌት ሲመጣ የቀረውንም ይከፍተዋል፤ ፀጉሩ እርጥብ ሳለ እንደ ማስቲካ ይለጠጣል፣ ከዚያ ይበጠሳል። ሻምፑውን በተመለከተም፣ ሪላክሰርን የሚያስለቅቀው አብዛኛው ሻምፑ ቀለም የሚቀይር ነገር አለበት፦ አረፋው ሮዝ ከሆነ አልካሊ ቀርቷል፣ ነጭ እስኪሆን ደጋግሞ ማጠብ ነው።

ምላሽ 11 እና 12

11ኛው ቅቤ ከፀጉር ጋር ቦንድ ይሠራል ወይ ብሎ ጠየቀ፣ ይመግባልም ሲባል ሰምቷል። 12ኛዋ፣ ያችው የፀጉር ሰው፣ በአጭሩ ቆረጠችው፦ ከቆዳ በላይ የወጣ ፀጉር ሕይወት የለውም፣ አይመገብም። ቅቤው ፀጉሩን ሸፍኖ የውሃውን መውጣትና መግባት ያዘገያል፣ ማበጠሪያው እንዳይጎትተውም ያለሰልሳል። ያ ራሱ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ቦንድ ግን አይደለም።

ምላሽ 13 እስከ 16

ጠቡ የተነሣው እዚህ ነው። 13ኛው፣ ቦንድ ሲሰበር ኢነርጂ ይወጣል፣ ኤቲፒም (ሴል ለሥራው ጉልበት የሚያገኝበት ሞለኪውል) ጉልበቱን ፎስፌቶቹ መካከል ባለው ቦንድ ውስጥ አስቀምጦ ሲቆረጥ ይለቀዋል አለ። 14ኛው በትሕትና «እርስዎ» እያለ ጀምሮ ምንም ዓይነት ቦንድ ሲሰበር ኢነርጂ እንደሚበላ እንጂ እንደማይሰጥ አስታወሰ። 13ኛው ተመልሶ መጣና «አንተ» አለው፤ መጽሐፍ ላይ እንዳለ፣ ያላነበበ ሰው ዝም ቢል እንደሚሻለው ጨመረ። 15ኛው ከጎን ገብቶ ሁለቱንም ሰደበ። አስተናባሪው ሁለት ነገር ሰርዟል፣ ስለዚህ የተባለውን ሁሉ አላየሁም፤ የቀረው ግን ይበቃል።

16ኛው ጉዳዩን በሒሳብ አበረደው። ኤቲፒ ውሃ ውስጥ ሲቆረጥ በመደበኛ ሁኔታ 30.5 ኪሎጁል በሞል ይገኛል፣ በሕያው ሴል ውስጥ ባለው የኤቲፒና የኤዲፒ (አንድ ፎስፌት ሲቆረጥበት የሚቀረው) መጠን ደግሞ ወደ 50 ይጠጋል። ይህ የሚገኘው ከመቁረጡ አይደለም። መቁረጡ ዋጋ ይጠይቃል፤ ነገር ግን በምትኩ ከውሃ ጋር አዲስ ቦንድ ይሠራል፣ ተጠጋግተው ይገፋፉ የነበሩ አራት ያህል ኔጌቲቭ ቻርጆች ይራራቃሉ፣ የተለየው ፎስፌትም ኤሌክትሮኖቹን በሰፊው ያካፍላል፣ ውሃም በደንብ ይከበዋል። ገቢው ከወጪው ይበልጣል። ግሉኮስም እንደዚያው ነው፦ አንድ ሞል ሲቃጠል ወደ 2,800 ኪሎጁል ይሰጣል፣ ምንጩ ግን የስኳሩ ቦንድ «የተሞላ» ስለሆነ አይደለም። የኦክስጅን ድርብ ቦንድ 498 ብቻ ነው፤ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ ያለው የካርቦንና የኦክስጅን ድርብ ቦንድ 800 ገደማ። ከደካማው ወደ ጠንካራው መሻገር ነው ጉልበት የሚሰጠው። 13ኛው ከዚህ በኋላ አልተመለሰም።

ከ14ኛው ጋር ነኝ፣ ግን የ13ኛው ስህተት የራሱ ብቻ አይደለም። «ከፍተኛ ኢነርጂ ያለው ቦንድ» የሚለው አጠራር ስንቱን እንዲህ ሲያሳስት ኖሯል።

ምላሽ 17

ከሰል ላይ ወደቀ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ በደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ብረት ጋር የሚሠራው ቦንድ አይበጠስም፣ ለዚህ ነው ሰው በተዘጋ ቤት ከሰል አንድዶ የሚሞተው አለ።

ምላሽ 18

የመጀመሪያው ግማሽ ስህተት ነው፣ ስህተቱም ሰው ሊገድል ይችላል አለው፤ ያለው ልክ ነው። ቦንዱ ይፈታል። ከኦክስጅን ይልቅ ሄሞግሎቢንን ከ200 እጥፍ በላይ ስለሚወድ በጥቂቱ ያለ ጋዝ እንኳ ቦታውን ይይዛል፣ ግን ሁልጊዜ እየገባ እየወጣ ነው። ንጹሕ አየር ላይ ግማሹ ለመውጣት ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይወስዳል፤ በመቶ ፐርሰንት ኦክስጅን ደግሞ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ። ስለዚህ አይበጠስም ብሎ መተው ሳይሆን ወዲያው ማውጣት፣ ሐኪም ቤት ማድረስ፣ ኦክስጅን ማስያዝ ነው። አንድ ነገር ደግሞ አጥብቆ አሳሰበ፦ ጣት ላይ የሚደረገው የተለመደው የኦክስጅን መለኪያ ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ሄሞግሎቢን ኦክስጅን እንደያዘው አድርጎ ስለሚያነብ 98 ሊያሳይ ይችላል። ቁጥሩን አይቶ ሰላም ነው ማለት አይገባም።

ምላሽ 19

የማይላቀቅ ቦንድ ማየት ለፈለገ አስፕሪን አለ ብሎ የ18ኛውን ሐሳብ ቀጠለበት። አስፕሪን የአሴታይል ቡድኑን ሳይክሎኦክሲጅኔዝ በሚባለው ኢንዛይም ላይ ባለ አንድ ሴሪን (አሚኖ አሲድ) ላይ በኮቫለንት ይለጥፋል። ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ሴል) ኒውክሊየስ ስለሌለው ምትክ ኢንዛይም አይሠራም፤ ውጤቱ ፕላትሌቱ እስኪሞት፣ ከ7 እስከ 10 ቀን፣ ይቆያል። አይቡፕሮፌን እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ ግን በሃይድሮጅን ቦንድና በመሳሰሉት ብቻ ስለተያዘ በሰዓታት ይወጣል። ቀድሞ ከተወሰደ ደግሞ ቦታውን ይዞ አስፕሪኑን ያግደዋል፤ ለልብ ብሎ በየቀኑ አስፕሪን የሚወስድ ሰው ሁለቱን ባንድ ላይ ከመዋጡ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ምላሽ 20

ጠያቂው ተመለሰ። ሰንጠረዡ ይታረም ያለውን ትቶ፣ ታዲያ ለተማሪ አንድ ገጽ ላይ ምን ልጻፍ አለ።

ምላሽ 21

የገበታ ጨውን አመጣለት። የጨው ክሪስታልን ወደ አዮኖቹ ለመበተን በባዶ ቦታ 787 ኪሎጁል በሞል ይጠይቃል፤ ከካርቦን ከካርቦን ቦንድ እጥፍ በላይ። ሆኖም 36 ግራም ጨው 100 ሚሊሊትር ውሃ ውስጥ ያለ ማሞቂያ ይሟሟል፣ አልማዝ ግን አይሟሟም። ውሃ በአዮኖች መካከል ያለውን መሳሳብ ወደ 80 እጥፍ ያዳክማል፣ አዮኖቹንም ራሱ ይከባቸዋል። ስለዚህ ሰንጠረዡ ላይ ከቁጥሩ ጎን ሁለት ዓምድ ይጨመር፦ የተለካው የት ነው፣ ውሃ ውስጥ ሲገባ ማን ይሻማዋል። በፕሮቲን ውስጥ ላለው አዮኒክ ቦንድ አንድ ቁጥር አትጻፍ ሲልም አስጠነቀቀ፤ ከላይ ውሃ የሚነካው ጥቂት ኪሎጁል ነው፣ ውስጥ የተቀበረው እንደ አካባቢው ይለያያል።

ምላሽ 22

ጠያቂው ረቂቁን ለጥፎ ነበር። 22ኛው ያየው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የዲኤንኤው ረድፎች በኪሎካሎሪ፣ የቀሩት በኪሎጁል ተጽፈዋል። የመጀመሪያዎቹን በ4.184 አባዝቶ እንደገና እንዲለጥፈው ነገረው።